ቆሼ የማያበሰብሰው

ቆሼ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ ከቆሻሻ። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ ከዘነበወርቅና ከአለርት ሆስፒታል አቅራቢያ የተንጣለለው ይህ ክምር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተማዋ የጣለችውን ሁሉ ሲቀበል ኖሯል። የወደቀው ሁሉ ግን እንደወደቀ አይቀርም። የሽንኩርቱ ልጣጭና የእንጀራው ፍርፋሪ ይበሰብሳል፤ ከብስባሹም ሚቴን ጋዝ ይወጣል። ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ወረቀቱ በዝናብ ይረግፋል። ጠርሙሱ፣ ፕላስቲኩና ብረቱ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ክምሩን በሚጭሩ ሰዎች እጅ ተለቅሞና ተሸጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ሲመጣ በዚህ ሁሉ ላይ እሳትም ታከለበት፤ ማመንጫው የተሠራው በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ከተሜው ቆሼን የነገር ሁሉ ማብቂያ አድርጎ ቢያስብ እንግዲህ አይፈረድበትም። ነገር ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ሲቀብር፣ የተጣለ ነገር ስለተጣለ ብቻ እንዳላለቀለት አገሩ በሙሉ በሐዘን ተምሯል። ይህ ጽሑፍ ያንን ትምህርት አንድ እርምጃ ወደፊት ሊወስደው ይፈልጋል። መበስበስ፣ መዛግ፣ መቃጠልም ሆነ መቀበር የማይነካው አንድ የቁስ ዓይነት አለ፤ ሬዲዮአክቲቭ ቁስ። በቆሼ የጨረራ አደጋ ደርሷል ለማለት አይደለም። የዚህን ቁስ ጠባይ ለመረዳት፣ ሌላው ሁሉ ሲለወጥ ከሚታይበት ከቆሼ የተሻለ ቦታ ስለማይገኝ ነው። ጠባዩን የተረዳ ሰው ደግሞ ወደ አንድ መደምደሚያ መድረሱ አይቀርም፤ የዚህን ቁስ ዕድሜ ማሳጠር አንችልም፣ በእጃችን ያለው ስሙ፣ ማለትም ምንነቱ፣ እንዳይረሳ ማድረግ ብቻ ነው፤ ስሙም የመጨረሻው እጅ ዘንድ፣ ብረት ለቃሚው ዘንድ፣ መድረስ አለበት።

በክምሩ ውስጥ የሚካሄደውን መበስበስ ጠጋ ብለን እንመልከት። የሙዝ ልጣጭ ሲበሰብስ ተሕዋስያን የተያያዙትን አቶሞች ይለያያሉ፣ በሌላ መንገድም ያገጣጥማሉ። በልጣጩ ውስጥ የነበረው ካርቦን ከሃይድሮጅን ጋር ተጣምሮ ሚቴን ይሆናል፤ ሚቴኑ ሲቃጠል ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ይጣመራል። ካርቦኑ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካርቦን ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ እንጂ ማንነቱ አይደለም። ምክንያቱም አቶሞች የሚጨባበጡት በውጭ በኩል በሚዞሯቸው ኤሌክትሮኖች ነው፤ እሳት፣ አሲድ፣ ዝገትና ተሕዋስያን የሚደርሱት እዚያ ድረስ ነው። የአቶሙ ማንነት የተጻፈው ግን ከመሐል፣ ኒውክለስ በሚባለው እምብርት ላይ ነው። ኒውክለስ ከአቶሙ ስፋት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ የአቶሙን ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዟል። በውስጡ ያሉት ፕሮቶኖች ቁጥር የንጥረ ነገሩን ስም ይወስናል፤ ስድስት ከሆኑ ካርቦን፣ 27 ከሆኑ ኮባልት፣ 55 ከሆኑ ሲዚየም ነው። አንድ ኒውክለስ ሲለወጥ የሚለቀቀው ኃይል አንድ አቶም ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል በሚሊዮን እጥፍ ደረጃ ይበልጣል። ስለዚህ ከምድጃ የሚወጣ እሳት ኒውክለስን ሊለውጥ መሞከሩ፣ በክብሪት ተራራ ለማቅለጥ እንደ መሞከር ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የተዘጋ ቤት ለምን ራሱን በራሱ ያፈርሳል? መልሱ በፕሮቶኖችና በኒውትሮኖች መካከል ባለው ሚዛን ላይ ነው። ፕሮቶኖች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስለተሸከሙ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። አንድ ላይ የሚያቆያቸው በጣም ብርቱ፣ ነገር ግን ከቅርብ ጎረቤት አልፎ የማይደርስ የኒውክለስ ኃይል ነው። ኒውትሮኖች የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌላቸው መገፋፋቱን ሳይጨምሩ መያያዙን ያጠናክራሉ። ነገሩ ከጭቃና ከጭድ ጋር ይመሳሰላል። ጭድ ያነሰው ምርጊት ይሰነጠቃል፤ ጭድ የበዛበትም አይያዝም። ኮባልት-59 27 ፕሮቶንና 32 ኒውትሮን ይዞ ለዘለዓለም ይቀመጣል። አንድ ኒውትሮን ብቻ ተጨምሮበት ኮባልት-60 ሲሆን ሚዛኑ ይናጋል፤ ያልተረጋጋ ኒውክለስ የሚባለውም ይኸው ነው። በዓይን ቢታይ፣ በእጅ ቢዳሰስ፣ በእሳት ቢፈተን ሁለቱ ኮባልቶች አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ከውስጥ ነው። ኒውክለሱ በጣም ከገዘፈ ደግሞ ምንም ያህል ኒውትሮን ቢጨመርበት አይረጋም፤ መገፋፋቱ ከዳር እስከ ዳር ሲደርስ ማያያዣው ኃይል ግን ከቅርቡ አያልፍምና። ዩራኒየምና ቶሪየም የዚህ ምሳሌ ናቸው።

ያልተረጋጋ ኒውክለስ ወደ እርጋታ የሚሄደው ትርፉን በመጣል ነው። ግዙፎቹ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ ይተፋሉ፤ ይህ አልፋ ይባላል፣ ወረቀት ያቆመዋል፣ ነገር ግን በትንፋሽ ወይም በምግብ ወደ ሰውነት ከገባ ክፉ ነው። ኒውትሮን የበዛባቸው አንዱን ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ለውጠው ኤሌክትሮን ይወረውራሉ፤ ይህ ቤታ ነው። ከለውጡ በኋላ የተረፈው ኃይል ጋማ በሚባል ብርቱ ብርሃን መልክ ይወጣል፤ ጋማ ሥጋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ለማዳከምም ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ይፈልጋል። ኮባልት-60 ቤታ ወርውሮ ኒኬል ይሆናል፣ ሁለት ጋማም ያስከትላል። አንድ ኒውክለስ መቼ እንደሚለወጥ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም፤ የብዙዎቹ አካሄድ ግን እንደ ሰዓት የታወቀ ነው። ለቡና የሚቆላ ፈንዲሻ እናስብ። የትኛዋ ፍሬ አሁን እንደምትፈነዳ የሚያውቅ የለም፤ ድስቱ መቼ እንደሚሞላ ግን ባለሙያዋ ታውቃለች። በሬዲዮአክቲቭ ቁስም የኒውክለሶቹ ግማሽ የሚለወጡበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል፤ ለኮባልት-60 አምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ፣ ለሲዚየም-137 30 ዓመት ገደማ ነው። በሁለተኛው ግማሽ ዕድሜ የቀረው ግማሽ ደግሞ ይገመሳል፤ እንዲህ እያለ በአሥር ግማሽ ዕድሜ ከሺህ አንድ ያህል ይቀራል። ምሳሌው የሚለያየው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዋናው ነገርም ያለው እዚያ ነው። ፈንዲሻውን ከእሳት ብናወርደው መፈንዳቱን ያቆማል። ኒውክለሱ ግን የሚወርድበት እሳት የለውም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ሰዓት በእርግጥ አይዘገይም? አይፈጥንም? አንሪ ቤከሬል እ.ኤ.አ. በ1896 ዩራኒየም በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሰሌዳን ያለ ፀሐይ እርዳታ እንደሚያጠቁር ካወቀ ወዲህ፣ ራዘርፎርድና ሶዲም እ.ኤ.አ. በ1902 አንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላ እንደሚለወጥ ካስረዱ ወዲህ ሳይንቲስቶች በሙቀት፣ በቅዝቃዜ፣ በግፊትና በኬሚካል ፈትነውታል። ከኤሌክትሮኖች አንዱን ወደ ውስጥ ስበው በሚለወጡ ጥቂት ዓይነቶች ላይ ከመቶ አንድ የሚያህል ልዩነት ታይቷል፤ ለሲዚየምና ለኮባልት የሚጠቅም ለውጥ ግን በምድር ላይ ባለ ምድጃ አልተገኘም። ሁለት ማስረጃዎች በተለይ ይበቃሉ። አንደኛው የእኛው ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን ከአጠገቧ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ እየተለወጠ ከፊሉ አርጎን ጋዝ ይሆናል። አመዱ ገና ግሎ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ታስሮ ይጠራቀማል፣ ተለክቶም ዕድሜ ይነግራል። ሁለተኛው ከሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1987 ከእኛ 168,000 የብርሃን ዓመት ርቆ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ። ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው በግምት የሄርቶ ሰዎች የሚባሉት ጥንታውያን በአፋር በሚኖሩበት ዘመን ነው። ከፍንዳታው በኋላ ብርሃኑን ይመግብ የነበረው የኮባልት-56 መለወጥ ነው፤ ያ ብርሃን እየደበዘዘ የሄደበት ፍጥነትም በምድር ላይ ከተለካው የኮባልት-56 የ77 ቀን ግማሽ ዕድሜ ጋር ገጠመ። በዚያ ርቀት፣ በዚያ ዘመንና በዚያ ነበልባል ውስጥ ሳይናወጥ የቆጠረ ሰዓት በእኛ ክምርና በእኛ ምድጃ ይናወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

እሳት ኒውክለሱን ካልነካ በሬዲዮአክቲቭ ቁስ ላይ ምን ያደርጋል? የት እንደሚሄድ ይወስናል። ይህን ለመረዳት ሁለት አደጋዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ በሜክሲኮዋ ሲውዳድ ኋሬዝ ከተማ አንድ ሥራ ላይ ያልዋለ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ተፈታቶ ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ ወደ 6,000 የሚጠጉ ጥቃቅን የኮባልት-60 ፍሬዎች ነበሩ። ኮባልት ከብረት ጋር የሚዋደድ ስለሆነ ብረቱ ሲቀልጥ አብሮ ቀልጦ የቤት መሥሪያ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። ነገሩ የተጋለጠው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ አንድ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካው የሎስ አላሞስ የኒውክሌር ቤተ ሙከራ በኩል ሲያልፍ የመለኪያው ደወል በመጮኹ ነው። በዚያ ብረት የተሠሩ ቤቶች እስከ መፍረስ ደረሱ። በግንቦት 1998 ደግሞ በደቡብ ስፔን በአልሄሲራስ አቅራቢያ በሚገኝ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሲዚየም-137 ከውዳቂ ብረት ጋር ገባ። ሲዚየም በሙቀት በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ በብረቱ ውስጥ አልቀረም፣ ከጭሱ ጋር ወጥቶ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በስዊዘርላንድና በጀርመን አየር ላይ ተለካ። አንዱ በግድግዳ ውስጥ ተሸሸገ፣ ሌላው ድንበር ተሻገረ። ከአንዱም ቢሆን እሳቱ የአንዲት ደቂቃ ዕድሜ አልቀነሰም። ለረጲ ምድጃም ሆነ ቁርጥራጭ ብረት እያቀለጡ ፌሮ ለሚያወጡ ፋብሪካዎቻችን ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቁሱ መታወቅ ያለበት ከእሳቱ በፊት፣ ከበሩ ላይ ነው።

ቁሱ ስሙ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየችው የብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ናት። አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም ሌላ ቦታ ሲገባ የሲዚየም-137 መሣሪያውን በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1987 ሁለት ብረት ለቃሚዎች ዋጋ ያወጣል ብለው የመሣሪያውን ራስ በእጅ ጋሪ ወሰዱት፣ ፈታተው ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ከውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ወጣ። ብርቅ ነገር መስሏቸው ለዘመድና ለጎረቤት አካፈሉት፣ ገላቸውን ተቀቡት፤ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን በነካችበት እጇ እህል በላች። የዱቄቱ ክብደት ከ100 ግራም የማይበልጥ ነበር። በውስጡ ግን በየሴኮንዱ 50 ትሪሊዮን ገደማ ኒውክለሶች ይለወጡ ነበር። ይህን ቁጥር በአንድ ነገር እንለካው። ከምግብ በሚገባው ፖታሲየም-40 ምክንያት በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ በየሴኮንዱ ከ4,000 በላይ ኒውክለሶች ይለወጣሉ፤ ይህ ጤናማ፣ ከአዳም ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በወቅቱ የነበረው 5 ቢሊዮን የዓለም ሕዝብ ገላ በሙሉ ቢደመር የዚያችን እፍኝ ዱቄት ግማሽ አያህልም ነበር። አራት ሰዎች ሞቱ፣ ሕፃኗን ጨምሮ። ከ112,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ፣ 249 ላይ ብክለት ተገኘ። ከ1987 እስከ 2017 በተቆጠሩት 30 ዓመታት የዚያ ሲዚየም ግማሹ ብቻ ተለውጧል።

ጎያኒያ ብቻዋን ብትሆን እንደ እንግዳ አጋጣሚ ትታለፍ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በታይላንድ ሳሙት ፕራካን የተጣለ የኮባልት-60 መሣሪያ ራስ በውዳቂ ብረት ግቢ ተከፍቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዴልሂ ማያፑሪ የብረት ገበያ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በጨረታ የተሸጠ፣ ከ1985 ጀምሮ ያልሠራ መሣሪያ ተፈታቶ አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ታመሙ። ኋሬዝን ጨምረን በአራቱም ከተሞች ቁሱ ሲጀመር ባለቤት ነበረው፤ ለሕክምና ወይም ለምርምር የተገዛ ጠቃሚ ነገር ነበር። በአራቱም ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ስሙ አብሮት አልወጣም። በአራቱም ዕቃው የደረሰው በእጁ የሚሠራ፣ ብረት በክብደቱ የሚገምት ሰው ዘንድ ነው። ጥፋቱ የፊዚክስ አይደለም፣ የስም መጥፋት ነው። ብዙ መርዝ ስሙ ቢጠፋም ራሱን ይገልጣል፤ ይሸታል፣ ያቃጥላል፣ ይመርራል። ጋማ ግን ሽታም፣ ቀለምም፣ ሙቀትም የለውም። ማቅለሽለሹና ቁስሉ የሚመጣው ዘግይቶ ሲሆን፣ በሽተኛውም በበላው ምግብ ያሳብባል። ስለዚህ ከመለኪያ መሣሪያ በቀር ለሰው የቀረለት መከላከያ በዕቃው ላይ የተጻፈው ስምና ያን ስም ማንበብ የሚችል ዓይን ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማንን ያከመው በኮባልት-60 ነው። በቃሊቲ ደግሞ የገንዲ በሽታ አስተላላፊውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ እየመከኑ ይለቀቁ ዘንድ ማዕከል ተቋቁሟል። ያው በኋሬዝ ቤት ያስፈረሰ ኮባልት እዚህ እናት አድኗል፣ በሬ አትርፏል። ቁሱን መጥላት እንግዲህ ውለታ መርሳት ነው። ነገር ግን ግማሽ ዕድሜው ለሕክምናም ሕግ ነው፤ በየአምስት ዓመቱ የምንጩ ጉልበት በግማሽ ስለሚወርድ በሽተኛው ከመሣሪያው ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል፣ በመጨረሻም ምንጩ መለወጥ አለበት። የወጣው ምንጭ ለሕክምና ደከመ ማለት ለእጅ ደከመ ማለት አይደለም። አደጋ የሚወለደው በዚህች ክፍተት ነው፤ ለባለቤቱ ዋጋ ሲያጣ፣ ለለቃሚው ግን ከባድና የሚያብለጨልጭ ብረት ሆኖ ሲቆይ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲሶቹ የጨረር ሕክምና መሣሪያዎች የሚመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ጨረራቸውም ይጠፋል።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው፣ ድሃውን ሰው በማያየው ነገር ማስፈራራት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ፍርሃትም ሰው ይጎዳልና። በጎያኒያ የሞተችው ሕፃን ስትቀበር መቃብራችንን ትበክላለች ያሉ ሰዎች ድንጋይ ወርውረዋል። ግን ያ ድንጋይ የመጣው ከዕውቀት ሳይሆን ከዕውቀት ማነስ ነው። ለቆሼ ሰፈር ይህን ማስረዳት አይከብድም። ጎረቤቱ አለርት የቆመው በአሮጌው የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከበሽታው እኩል በሰው መሸሽ ምን ያህል እንደተጎዱ ሰፈሩ ያውቃል። የጨረራን መሠረት የተማረ ሰው ሁለት ነገር ይለያል። በጋማ የተመታ ሰው እንደ ሻማ አይደለም፣ ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ ራጅ የተነሣ ሰው ጨረራ ይዞ እንደማይወጣ ሁሉ። ዱቄቱ በገላው ላይ ያለ ሰው ግን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ልብሱንም መለወጥ ይፈልጋል። ያው ሰው መጠንንም ይለያል። የማሾ መብራት ነጭ መረብ በብዙ ፋብሪካዎች ቶሪየም እየተነከረ ይሠራ ነበር፤ የቶሪየም ግማሽ ዕድሜ 14 ቢሊዮን ዓመት ነው፣ እጅግ በዝግታ ስለሚለወጥም በመብራቱ ሲጠቀም ያመሸ ሰው በዚያ የሚጎዳበት ምክንያት አልነበረም። ዕድሜው የረዘመ ሁሉ አስፈሪ አይደለም፤ አስፈሪው ዕድሜው የሰውን ዕድሜ ያህል ሆኖ በብዛት የተከማቸው ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ፍርሃትን አይጨምርም፣ ቦታውን ያስይዘዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ይህ የባለሙያና የሕግ ሥራ ነው፣ ለቃሚው ምን አገባው ይላል። ሕጉ አለን፤ የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 571/2000፣ በኋላም የጨረራና ኒውክለር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ወጥተዋል፣ ምንጭ የያዘ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረውና ተጠያቂ እንዲሆን። ይህ መሠረት ነው፣ ያለ እሱ ምንም አይቆምም። ግን ሕግ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ባለቤቱ የከሰረ፣ የተሰደደ ወይም የሞተ ዕለት ከዕቃው ጋር የሚነጋገረው ቆራሌው ነው። የሲዚየም ጉልበት ከሺህ አንድ እስኪደርስ 300 ዓመት ይፈጃል። ከዛሬ 300 ዓመት በፊት አፄ በካፋ ጎንደር ላይ ይገዙ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት አለፈ፣ ስንት መዝገብ ተቃጠለ? አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ይህን ያህል ዘመን ስም ይጠብቃል ማለት አይቻልም። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ራሱ ይህን አምኗል። ሦስት ክንፍ ያለው አሮጌው የጨረራ ምልክት ላልተማረ ሰው ምንም እንደማይናገር ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2007 በ11 አገሮች ተሞክሮ አዲስ ምልክት ወጣ። በቀይ ሦስት ማዕዘን ላይ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ተስለውበታል። ምልክቱ የተሠራው ለፊዚክስ ሊቅ አይደለም፤ ዕቃ ለሚፈታ እጅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። በቆሼ የሚሠራ ሰው በተሰበረ ጠርሙስ ይቆረጣል፣ በመርፌ ይወጋል፣ ጭስ ይምጋል፤ ክምሩ ራሱ ተንዶበታል። በእነዚህ ፊት ምናልባት በዘመን አንድ ጊዜ የሚመጣ አደጋ ምን ቦታ አለው? ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ጓንት፣ ጫማና አስተማማኝ መሬት ይቀድማሉ፤ ማንም ከእነዚህ ቀንሶ ለጨረራ ይስጥ አይልም። ግን የሚጠየቀው ከእነዚህ የሚቀነስ አይደለም፤ የሚጠየቀው ይህ ነው። በቆሻሻ ማመንጫው፣ በብረት ማቅለጫዎቹና በትልልቆቹ የቁርጥራጭ ብረት መሰብሰቢያዎች በር ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ መለኪያ፤ በውዳቂ ዕቃ ገበያው በምናለሽ ተራና በቆሼ ዙሪያ በግልጽ አማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው ማስታወቂያ፤ ባልተለመደ ሁኔታ ከባድ የሆነ፣ በእርሳስ የተሸፈነ፣ ምልክት ያለበት ዕቃ ያገኘ ሰው ሳይፈታው ርቆ እንዲደውል፣ ሲደውልም እንዳይከሰስ፣ የዕቃውንም ዋጋ እንዳያጣ። የመጨረሻው ነጥብ መዘለል የለበትም። የዕለት እንጀራውን ከክምር የሚያወጣ ሰው ያገኘውን ከባድ ብረት ጥሎ እንዲሄድ ሲጠየቅ ማንም የማይከፍለው ከሆነ፣ ምክሩ ምክር ሳይሆን የገቢ ቅጣት ነው። ደግሞም ከመርፌውና ከጠርሙሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፤ ሁሉም ከላይ ያለ ሰው ስም ሳይሰጥ የጣለው ነው። ለመርፌ የተለየ ሳጥን መጠየቅና ለሲዚየም መዝገብ መጠየቅ የአንድ ክብር ሁለት ገጽታ ናቸው።

የጎያኒያ ታሪክ እንዴት እንዳበቃም መታወቅ አለበት። የብረት ነጋዴው ሚስት በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መታመሙን፣ ሕመሙም ያ የሚያበራ ነገር ከመጣ ወዲህ መሆኑን አስተዋለች። ፊዚክስ አልተማረችም፤ ያየችውን ካየችው ጋር አገናኘች። የተረፈውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ሕክምና ወሰደችው። በማግስቱ የመጣው ባለሙያ መለኪያው እስከ ጥግ ሲመታ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሌላ አስመጣ፤ ያም እንደዚያው አለ። እሱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን አንሥተው ወንዝ ሊጥሉት አስበው ነበር። የሰለጠኑት ሰዎች ሐሳብ እንግዲህ መጣል ነበር፤ ከተጣለ ያልቃል የሚለው አሮጌ እምነት። እሷ ግን ከጣለች እንደማያልቅ ገብቷት ነበር። ሕይወቷ ከአራቱ አንዱ ሆኖ አለፈ፣ ከተማዋን ግን ከባሰ ጥፋት አዳነች። ስሙን የመለሰው የመጨረሻው እጅ ነበር። በቆሼ ክምር ላይ በየማለዳው የሚያጎነብሱት እናቶችና ወጣቶች ያንኑ ዓይን ይዘው ነው የሚወጡት፤ ብረትን ከብረት፣ መዳብን ከነሐስ በመዳሰስ ይለያሉ። እሷ በሕይወቷ የገዛችውን ዕውቀት እነሱ በአንድ ሥዕልና በአንድ ስልክ ቁጥር እንዲያገኙት ማድረግ፣ ዕቃውን ወደ እነሱ የምንጥለው የሁላችን ዕዳ ነው።